ስም አልተገኘም

«ማንም አልኖረበትም፤ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር።»

የወንድሟ ሚስት ይህን ስትናገር ወፌ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቦት ጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ በአንድ ረድፍ ጡብ የቆመ ስስ ነገር ነው፤ ከወዲያ ያስነጠሰን ሰው ከወዲህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። ጠያቂዋ አዲሷ ተከራይ ናት፤ ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ትናንት ማታ ሁለት ሻንጣና አንድ ትልቅ መስታወት ይዛ የገባች ወጣት። «ምነው መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል? ሰው ታሞበት ነበር እንዴ?» ብላ ነው የጠየቀችው። የወንድሟ ሚስት መልሱ ያልበቃ ስለመሰላት «ሁለት ቀን መስኮቱን ብትከፍቺው ይለቃል። ቀለም ደግሞ ገዝተንልሻል፤ እንደወደድሽ ቀቢው» ብላ ጨመረች። የወፌ ጣት ቋጠሮው ላይ ቀረ። እናቷ እዚያ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ኖራለች። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ከአልጋ አልወረደችም። ከሞተች ገና ሁለት ወሯ ነው።

ወፌ የእናት አባት ስሟ አይደለም። ጫፉ ላይ ሚስማር በተሰካ ዱላ ወረቀት ስትለቅም ጥሬ የምትለቅም ወፍ ትመስላለች ብለው የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው፤ ቤትም ገብቶ ቀረ። ስትወጣ የወንድሟን ሚስት በረንዳው ላይ ቁልፍ በእጇ ይዛ አገኘቻት። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። «እንዴት አደርሽ እትዬ» አለች ወፌ። «ደህና አደርሽ። ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ደርበሽ ውጪ» አለቻት ሴትየዋ፣ ከልቧ። ወፌ የምትናገረው አጥታ አልነበረም። ግን ግቢው የወንድሟ ነው፤ የምታድርበትም ክፍል የወንድሟ ነው። እናቷም በሕይወት ሳለች «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ማለት ታበዛ ነበር። በዚያ ላይ ነገሩን ሲያስቡት ምን አለበት? ተከራይ እንዳትሸሽ የተባለች ትንሽ ውሸት ናት። አውቶቡስ ውስጥ እስክትቀመጥ ድረስ ይህንኑ ለራሷ ደጋገመችው።

አውቶቡሱ መጨረሻ ላይ የሚያራግፈው ከደኑ በር ፊት ለፊት ነው። ከበሩ ወዲህ ከተማ፣ ከበሩ ወዲያ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ጅረት፣ ከጅረቱ በላይ ገደል። ሰዉ እሑድ እሑድ ንጹሕ አየር ሊተነፍስ ይመጣና የበላበትን ትቶ ይሄዳል፤ ያ እንኳ ቀላል ነው፣ በዱላ ይለቀማል። የሚከፋው ሌሊት በጋሪና በጭነት መኪና እየመጣ ገደሉ ውስጥ የሚደፋው ነው፦ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ፣ የተሰበረ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ዳይፐር በጆንያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሠላሳ ሁለት የጫማ ሳጥን፣ ሁሉም የግራ እግር ብቻ። እንዲህ ያለው ሲገኝ ከመነሣቱ በፊት ይፈተሻል። ጆንያው ይፈታል፣ ላስቲኩ ይገለበጣል፣ ስም ያለበት ወረቀት ይፈለጋል፦ ፖስታ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ደብተር። የተገኘው ስም ቅጽ ላይ ይሰፍራል፤ በማግስቱ ጠዋት በሩ አጠገብ በተተከለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ይጻፍና አንድ ወር ይቆያል። ከሰሌዳው አናት ላይ «ይህን ደን ያቆሸሹ» ይላል፤ ከግርጌው ደግሞ «የጣለ በገዛ እጁ ያንሣ»። ሰውየው በዚያው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መጥቶ በገዛ እጁ ካነሣ ስሙ አይወጣም። ሰሌዳውን የምትጽፈው ወፌ ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር። ስድስት ዓመት ጽፋለች። ባለፈው ወር አንዲት መምህርት ደብተሮቿ ተገኝተው ስሟ የወጣ ጊዜ እያለቀሰች መጥታ፣ ቆሻሻውን ከፍላ ለሰው እንደሰጠች፣ እሱ የት እንደደፋው እንደማታውቅ ምላ ተገዝታ ነበር። ወፌ ብሩሿን ሳታስቀምጥ «እህቴ፣ ወረቀት አይዋሽም» አለቻት። መልሱ በጣም ስላማራት ማታ ለእናቷ ፎቶ ነገረችው።

«ወፌ! ዛሬስ ሆቴል ከፍተውልናል፤ ፍራሽ ሁሉ አለ!» ብሎ ከገደሉ ሥር የጮኸው አሥር አለቃ ነው። ድሮ ወታደር ቤት የነበረ፣ አሁን ጡረታው አልበቃ ብሎት ቆሻሻ የሚያነሣ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሽማግሌ። ወፌ የዛፎቹን ሥር እየያዘች ወረደች። ፍራሹ ጅረቱ ዳር ግማሹ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተጋድሟል። አጠገቡ ሁለት ጆንያና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር አለ። መጀመሪያ ያየችው ልባሱን ነው። ልባሱ ከዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነበር፤ በአንድ ጥግ ላይ ሰማያዊ እራፊ ተጥፎበታል። ሰማያዊው እራፊ የአራተኛ ክፍል ዩኒፎርሟ ነው። ኪሱ እንኳ አልወለቀም፤ እናቷ ኪስ ምን ጊዜም ይጠቅማል ብላ ከነኪሱ ነበር የጣፈችው።

የእናቷ ዕቃ ከክፍሉ የተነሣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ወፌ ከሥራ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ሆኖ፣ ወለሉ በሳሙና ታጥቦ አገኘችው። ወንድሟ «ለአረጋውያን መጦሪያ ሰጠነው። መኪና ልከው ወሰዱት፤ መርቀውን ሄዱ» አላት። እሷ የፈለገችው የቁልፍ ቆርቆሮውን ብቻ ነበር፤ እናቷ ከአሮጌ ልብስ ሁሉ እየነቀለች ቁልፍ የምታጠራቅምበትን። ግን ለአረጋውያን ከተሰጠ ስጦታ ላይ ቆርቆሮ መልሱልኝ ማለት ነውር መስሏት ተወችው። እንዲያውም ለአሥር አለቃ በኩራት ነግራው ነበር።

አሁን አሥር አለቃ በደንቡ መሠረት ጓንቱን አጥልቆ አንደኛውን ጆንያ ፈታ። ካልሲ ወጣ፣ የሽንት መቀበያ ወጣ፣ ታጥበው የታጠፉ ላስቲኮች ወጡ፤ ምናልባት ሠላሳ፣ ምናልባት አርባ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። «ይቺ ሴት ጉድ ናት፤ ላስቲክ አጥባ የምታጥፍ ሰው ደግሞ እንዴት ገደል ውስጥ ይደፋል?» አለ። ከዚያ ከላስቲኮቹ መካከል የሕክምና ካርድ አወጣና ከዓይኑ አርቆ አነበበ። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የቀጠሮ ቀኖች። አድራሻ የለውም፤ አድራሻ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። ከግርጌ ፊርማ አለ። ፊርማው ሦስት ፊደል ነው፤ መሐለኛው ወደ ኋላ ዞሯል።

«የእናቴ ነው» አለች ወፌ።

አሥር አለቃ ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ ቆቡን ከራሱ ላይ አወረደ። «ለመጦሪያው ተሰጠ አላልሽኝም?»

«ብዬዎት ነበር።»

እናቷ ፊደል አልቆጠረችም። ስሟን ብቻ ወፌ አስተምራታለች፣ በስተርጅና። ከወንድሟ የሥራ ቦታ በመጣ የአናጢ እርሳስ አልጋዋ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ እየጻፈች ነበር የምትለማመደው፤ መሐለኛው ፊደል እስከ መጨረሻው አልገባላትም። ሐኪም ቤት «እማማ፣ በጣትዎ ይፈርሙ» ሲሏት «ስም አለኝ» ብላ እርሳሱን ተቀበለች። ከዓለም ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ የምትችለው ያንን ብቻ ነበር። ነገ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሊወጣ ነው፤ «ይህን ደን ያቆሸሹ» ከሚለው ሥር፣ በልጇ እጅ፣ እሑድ የሚመጣው ሁሉ ፎቶ እንዲያነሣው። ወፌ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። «እኔ እዚህ እጠብቃለሁ፤ ሂጂ» አላት አሥር አለቃ። «ደግሞ ቦትሽን አራግፊ፤ ሱቁን እንዳታጨቀዪበት።»

የወንድሟ ሱቅ ፎቶ የሚከብብበት፣ መስታወት የሚቆርጥበት፣ ከዋናው መንገድ አንድ ቅያስ ገባ ብሎ የሚገኝ ጠባብ ክፍል ነው። ከሙጫውና ከመጋዙ ትቢያ በላይ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ የእናታቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ በትልቁ የታጠበ፣ በወርቅማ ፍሬም የተከበበ፣ ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት። ሱቁ ውስጥ ካለው ፍሬም ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ወፌ ስትገባ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ፎቶውን እያዩ «እናቱን እንዲህ የሚያከብር ልጅ ዛሬ የት ይገኛል! አንጀቴን ነው የበላኸው» ይሉ ነበር። ወንድሟ አቀርቅሮ ፍሬም ላይ ሚስማር ይመታል። ሚስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ መልስ መስጠት አልቻለም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሽማግሌው የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ዋጋ ሁለት ጊዜ ተከራክረው፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፈው ወጡ።

«ጋሼ፣ የእማዬ ፍራሽ የት ነው?»

ወንድሟ መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስማሮቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አምስት ነበሩ። «መጦሪያ ነው ብዬሽ የለ?»

«ጅረቱ ውስጥ አገኘሁት።»

በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንደተያዘ ሰው ሳይሆን ሸክም እንዳወረደ ሰው። «አንቀበልም አሉኝ። አዲስ ካልሆነ ፍራሽ አንወስድም፣ የለበሰችውንም አንወስድም አሉ። እስከ ትናንት ሱቁ ጓሮ አቆየሁት፤ እና ምን ላድርገው?»

«ለኔ አትነግረኝም?»

«ብነግርሽ ክፍልሽ ውስጥ ከምረሽው አብረሽው ትተኚ ነበር። አላውቅሽምና ነው!» ከደጅ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ቀነሰ። «ባለጋሪው የት ልድፋው ሲለኝ፣ እህቴ ደኑ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እዚያ ውሰደው፤ እሷ ታነሣዋለች አልኩት። ከባዳ እጅ የልጅ እጅ አይሻልም? ለክፋት አይደለም እኮ፣ እህት ዓለም።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንዳች እፍረት አልነበረም። አስቦበት፣ አውጥቶ አውርዶ፣ ደግ ነገር ያደረገ ሰው ፊት ነው። ወፌ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ለክፉ ሰው የተዘጋጀ ስለሆነ አንዱም አልሆነላትም። ስለ ሰሌዳው ብቻ ነገረችው። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጥቶ በገዛ እጁ ካነሣ የእናታቸው ስም እንደማይወጣ፣ ካልመጣ ግን ደንቡ ደንብ እንደሆነ።

«የሞተ ሰው ስም?» ብሎ ሳቅ ቃጣው። «የምትጽፊው አንቺ አይደለሽ እንዴ? አትጻፊያ!»

«ና ነው የምልህ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አሥር አለቃም ያግዙሃል።»

«ስሚኝ» አለ፤ አሁን ተቆጣ። «እኔ እዚያ ገደል ወርጄ፣ ቆሻሻ ተሸክሜ በሰው ፊት ልወጣ? ደንበኞቼ ምን ይሉኛል? ሦስት ዓመት ሙሉ ቁስሏን ማን አጠበ? አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ትመጫለሽ፤ እናትሽ ለብሳ ታጥባ ትጠብቅሻለች። በመካከሉ ያለውን አሥራ ሁለት ሰዓት ማን እንደኖረው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ሚስቴ ናት። እስካሁን እጇን ስታሸት ነው የምትውለው። ለፍራሹ ተቆርቋሪ ከሆንሽ፣ ያን ጊዜ ፍራሹን ስታገላብጪ ባየሁሽ!»

እውነቱን ነው። ጠዋት ስለ ዕቃ ማስቀመጫው የዋሸችው ሴትዮ እናቷን ሦስት ዓመት ያጠበች ሴትዮ ናት፤ ወፌ ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ከላይ እናታቸው በወርቁ ፍሬም ውስጥ ሆና ሁለቱንም ሳይሆን በሩን ታያለች፤ ፎቶ አንሺው «ወደዚህ እይ» ሲላት ወዴት እንደሆነ ሳይገባት የቀረ ጊዜ የተነሣ ፎቶ ነው። ወንድሟ ከጠረጴዛው ላይ ሚስማሮቹን አንሥቶ መልሶ ከንፈሩ ውስጥ ደረደራቸው። ንግግሩ አለቀ ማለት ነው።

ስትመለስ አሥር አለቃ ፍራሹን ከውሃው አውጥቶ፣ ጠቅልሎ፣ በሁለት ቦታ በገመድ አስሮ ዛፍ ሥር አጋድሞት ነበር። ታስሮ ሲጋደም ሰው ይመስል ስለነበር ሁለቱም ወደዚያ ሳያዩ ተቀመጡ። ወፌ ሁለተኛውን ጆንያ ራሷ ፈታችው። የቁልፍ ቆርቆሮው ተከፍቶ ቁልፎቹ ቅጠሉ ውስጥ ተበትነዋል፤ ከጭቃው ጋር ተቀላቅለው የትኛው ቁልፍ የትኛው ጠጠር እንደሆነ አይለይም። ዱላዋን አላነሣችም፤ በእጇ መልቀም ጀመረች። አሥራ ሰባት ለቀመችና ተወችው። ከቆሻሻ ውስጥ ዕቃ መውሰድ ለሠራተኛ ክልክል ነው፤ ቆርቆሮውን ከድና መልሳ ጆንያው ውስጥ ከተተችው። አሥር ሰዓት ተኩል አለፈ። በላይኛው መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቅ ሲል ቀና አለች፤ ውሻ የሚያናፍስ ሰው ነበር።

«አይመጣም» አለ አሥር አለቃ።

«አይመጣም።»

«የሱን ስም ጻፊው ታዲያ።»

«በምን ወረቀት?» አለች። ቅጹ የሚጠይቀው የተገኘውን ስም እንጂ የሚታወቀውን ስም አይደለም። መምህርቷንም የመለሰቻት በዚህ ነው። ያቺ ሴት እያለቀሰች በመጣች ጊዜ ቢያንስ ብሩሹን አስቀምጣ ልትሰማት ይገባ እንደነበር አሁን ታያት፤ ግን ለዚያም ጊዜው አልፏል።

አሥር አለቃ ከኪሱ ክብሪት አወጣና አገላበጠው። «እኔ ከአንቺ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ካርዷን ወዲህ በያት። ቅጹ ላይ ሁለት ቃል ናት የምትጽፊው፦ ስም አልተገኘም። ማን ይጠይቅሻል? እኔ ያየሁት ነገር የለም፤ ደግሞ ዓይኔም ደክሟል።»

ካርዱን አልሰጠችውም። በቦት ጫማዋ ውስጥ፣ ከካልሲዋ አጠገብ ሰካችው። ከዚያ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሙላት ጀመረች። የተገኘበት ቦታ፦ ጅረቱ ዳር። ዓይነት፦ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ጆንያ የቤት ዕቃ፣ አንድ ወንበር። የባለቤት ስም። እዚህ ላይ ቆመች። ካልጻፈች እናቷ ከሰሌዳው ትተርፋለች፤ ወንድሟም አብሮ ይተርፋል። በዚያ ያማረ የእጅ ጽሑፏ «ስም አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ጽፋ ስታየው ጠዋት በግድግዳው በኩል የሰማችውን ዓረፍተ ነገር መሰላት፤ በሌላ ቃል፣ በሌላ አፍ የተነገረ ያው ነገር።

ኃላፊው ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት በሞተር ብስክሌቱ መጥቶ ቅጹን ተቀበለ። «ስም አልተገኘም?» አለ ቅንድቡን ሰቅሎ። «አንቺ? ሁለት ጆንያ ሙሉ ፈትሸሽ አንድ ወረቀት አጣሽ?»

«አጣሁ።»

«በስድስት ዓመት የመጀመሪያሽ መሆኑ ነው። መቼም ሌባ ሆነዋል፤ ስማቸውን እየለቀሙ ነው የሚጥሉት።» ፈረመበት። የጭነት መኪናው መጣ። አሥር አለቃ ፍራሹን ብቻዬን ካልጫንኩ ብሎ ተጋፋ፤ ሾፌሩ «ሽማግሌው ሚስቱን ነው እንዴ የሚጭነው?» ብሎ ሳቀ። አሥር አለቃ የፍራሹን ገመድ አጥብቆ አሰረና ወረደ።

ግቢው ውስጥ ስትገባ የቀለም ሽታ ተቀበላት። የእናቷ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተከራይዋ ፀጉሯን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ብሩሽ ይዛ፣ እስከ ክርኗ ነጭ ሆናለች። የወንድሟ ሚስት አንድ ሳህን ሾርባ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ለተከራይዋ ልታቀምስ አምጥታ መሆን አለበት። «ጎረቤቴ፣ ነይ እስቲ ፍረጂን!» አለች ልጅቷ ወፌን ስታይ። «አላማረም? ይቺ ጥግ ብቻ ናት ያስቸገረችኝ። ሕፃን ልጅ ነገር ሞነጫጭሮባታል፤ ሁለት ጊዜ ደረብኩባት፣ እየቆየ ብቅ ይላል። እርሳስ እንዲህ ነው? ደግሞ ስም ይመስላል። የማን ነው?»

ወፌ ገባች። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ተኝቶ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው በሚደርስበት ከፍታ፣ እርጥቡ ቀለም ሥር ሦስቱ ፊደሎች ግራጫ ሆነው ይታያሉ። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሰባት ስምንት ቦታ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፤ በሁሉም መሐለኛው ወደ ኋላ ዞሯል። የወንድሟ ሚስት ከጀርባዋ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«የእናቴ ነው» አለች ወፌ። «እዚህ ነበር አልጋዋ። እዚህ ነው የሞተችው። እትዬ ናት ያስታመመቻት።»

ልጅቷ አፏን ያዘች። «አፈር ስሆን! አላወቅሁም እኮ... ልተወው? ይቺን ጥግ ሳልቀባ ልተዋት?» አለች፤ ግን ይህን እያለች ዓይኗ ወደ ሻንጣዎቿ፣ ወደ መስታወቷ፣ ወደ በሩ ሄደ። ሌላ ክፍል ለመፈለግ ስንት ቀን እንደሚወስድባት የምታሰላ ይመስል ነበር። የወንድሟ ሚስት ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ ቀይ የሆኑ እጆቿን አንዱን በአንዱ ማሸት ጀመረች።

«አይ፣ ይቀባ» አለች ወፌ። «ግማሹ ተቀብቶ ግማሹ ቢቀር ያስጠላል። ብሩሹን አምጪልኝ።»

ተንበረከከች። ቦት ጫማዋ ውስጥ ያለው ካርድ ቁርጭምጭሚቷን ወጋት። እጇ ሰሌዳ የለመደ እጅ ስለሆነ ቀለሙ አልተንጠባጠበም፤ ከላይኛው ጀምራ፣ አንዱን ስም ካንዱ ሳታምታታ፣ ቀስ እያለች ሸፈነቻቸው። ስትጨርስ ወደ ኋላ ብላ አየች። የታችኛው አሁንም ብቅ ብሏል። ብሩሹን የቀለሙ ቆርቆሮ ውስጥ ነከረችና እንደገና ጎንበስ አለች።